ይጣላል ወይስ አይጣላም?

እናንተዬ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ትዳርና የቢሮ ማኅተም ያለው ሰው በገዛ ግቢው ሽንት ቤት ውስጥ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጦ ስለ አይጥና ስለ ጎተራ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የኔታ ሰምተዋል። አምስት ቀን ሙሉ ሰምተዋል። ያን ሰው ስሙን አልጠራላችሁም፤ ብቻ እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። ጎንደር ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅሬታ ሰሚ ነኝ። ሥራዬ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች እየተገፈታተሩ ይገባሉ። አንደኛው ይምላል፤ ሁለተኛው ከእሱ በላይ ይምላል። እኔ መነጽሬን ዝቅ አድርጌ ከሁለቱ የትኛው እንደዋሸ እለይና እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ስሠራ ኖሬ ዓይኔ ሰው ባየ ቁጥር መጥበብ ለመደ። ባለቤቴ የሺ አንድ ቀን ጠዋት «ዛሬ ዝናብ ይመጣል መሰለኝ» ብትለኝ «ማስረጃሽ?» አልኳት። ያን ቀን ምሳዬን ውጭ በላሁ፤ ዝናብም መታኝ።

የመከራዬ መነሻ ይኸው መሥሪያ ቤት ነው። «ሁለተኛ ዲግሪህን ተማር» አለኝ። የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመግቢያውን ፈተና ማለፍ። ሙከራው ሦስት ጊዜ ነው፤ በሦስተኛው ካልሆነልኝ ዕድሉ ለሌላ ሰው ይተላለፋል። እኔ ደግሞ ሁለቱን ጨርሻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የጣለኝ የአመክንዮ ክፍል ነው፤ በተለይ ፓራዶክስ የሚሏቸው አሥር ጥያቄዎች።

ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሆነ ላሳያችሁ። «በአንድ ወረዳ ገበሬዎች ሁሉ አይጥ የማይገባበት አዲስ ጎተራ ሠሩ። ጎተራው በእርግጥም አንዲት አይጥ አላስገባም። በዚያው ዓመት ግን አይጦች በገበሬዎቹ ንብረት ላይ ያደረሱት ጥፋት ከቀድሞው በለጠ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?» ይላል። ከሥሩ አራት ምርጫ አለ። ሌላው ሰው ይህን አንብቦ ያስባል። እኔ አንብቤ እናደዳለሁ። አይጥ ካልገባች ጥፋቱ ከየት መጣ? ጥፋቱ ካለ አይጧ ገብታለች! ስለዚህ አንዱ ዋሽቷል። ምርጫዎቹ መሀል «የወረዳው ሪፖርት የተሳሳተ ነበር» የሚል ሳገኝ የጠፋ ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ ይለኝና እሱን እመርጣለሁ። ፈተናው አናት ላይ «ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት እንደሆኑ ተቀበል» የሚል መመሪያ አለ። እሱንም አላመንኩትም።

ሁለተኛውን ፈተና የወደቅሁ ዕለት አባቴ ደወለ። አባቴ ድብ ባሕር ነው፣ ከደባርቅ ወዲያ፣ የሊማሊሞን መንገድ ወርዳችሁ። እህል ያርሳል፤ ላምም አለችው። መንደሩ ሁሉ የእኔን ውጤት ከእሱ አፍ እንደሚጠብቅ አውቃለሁ።

«ምነው ጠፋህ? ውጤቱ አልመጣም?» አለ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው። «ላሟ እንዴት ናት?» አልኩ።

«ላሟ ደህና ናት።»

«ጥጃዋስ?»

«ጥጃዋም ደህና ናት። ውጤቱስ?»

«አልፌያለሁ» አልኩ።

ከዚያ «እሰይ፣ ሸጋ ነው» ብሎ ዘጋው። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ በራሴ ላይ ቅሬታ ላቀርብ ምንም አልቀረኝም። ኋላ ግን ራሴን አጽናናሁ። ሦስተኛው ፈተና ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ካለፍኩ ውሸቴ ትንሽ ቀድሞ የተነገረ እውነት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የሺ ይህን ሐሳቤን ስትሰማ «ካላለፍክስ?» አለችኝ። ሴቶች አንዳንድ ጊዜ የማይጠየቅ ነገር ይጠይቃሉ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ ሚኒባስ በራችን ላይ ቆመ። ከጣራው ላይ በግ ወረደ፤ ከውስጡ የኔታ ወረዱ። በጉ ከአባቴ የተላከ የደስታ በግ ነው፤ ወገቡ ሰፊ፣ ጸጉሩ የታጠበ፣ ቀንዱ ላይ ቀይ ክር የታሰረበት። የኔታ ደግሞ የአባቴ ጎረቤት ናቸው። ጎንደር ከተማ ውስጥ አርባ ዓመት የመጻሕፍት ትርጓሜ አስተምረው፣ ሲደክማቸው አገራቸው ድብ ባሕር የገቡ ሊቅ ናቸው። አሁን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው ከሰው ፊት ጥላውን ብቻ ነው የሚያዩት። ሞራውን ለማስገፈፍ መምጣታቸው ነው፤ ማረፊያቸውም የእኔ ቤት።

የቀጠሮ ወረቀታቸውን ተቀብዬ አነበብኩ። «የኔታ፣ ቀጠሮዎ እኮ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። መንገድ አይታመንም ብዬ ነው» አሉና እንኳን ደስ አለህ ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። የሳሙኝ ቦታ እስከ ማታ ሲያቃጥለኝ ዋለ።

በጉን አላረድነውም። «የኔታ ዓይናቸው ሲበራ አብረን እንበላለን» ብዬ ጓሮ አሰርኩት። እውነቱ ሌላ ነው፤ ባላለፍኩት ፈተና የተላከ በግ በየትኛው ጉሮሮዬ ይወርዳል? በጉም ነገሩ የገባው ይመስል እኔን ባየ ቁጥር ይጮሃል።

አሁን ጭንቀቴን ተመልከቱልኝ። ፈተናው እየቀረበ ነው፤ ማጥናት አለብኝ። ቤት ውስጥ ግን ማለፌን ሰምተው ግንባሬን የሳሙ እንግዳ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ባያይ ጆሯቸው የጉንዳን እግር ይሰማል። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ነገር የሚገባኝ በአማርኛ ሲነገረኝ ነው፣ ያውም ጮክ ተብሎ። በልቤ ካነበብኩ አይገባኝም።

መጀመሪያ ቀሐ ወንዝ ወርጄ ከዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ሁለት ገጽ ሳልገፋ አንድ የቢሮዬ ባለጉዳይ አየኝና ስለ አጥሩ ክርክር እዚያው ሣሩ ላይ ጀመረልኝ። ምስክሮቹንም በስልክ ጠራ። በማግሥቱ ጓሮ ሄድኩ፤ በጉ መጽሐፌን አንድ ቅጠል በላብኝ፣ የመልሶቹ ገጽ ባይሆን ደግ። የቀረኝ ሽንት ቤት ነው። በየማለዳው ወደ ቢሮ ከመሄዴ በፊት መጽሐፉን በሸሚዜ ሥር ደብቄ እገባለሁ፣ ባልዲውን እደፋለሁ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አነባለሁ።

ያልቆጠርኩት ነገር ቢኖር ፀሐይን ነው። የጠዋት ፀሐይ ግቢያችን ውስጥ መጀመሪያ የምታርፈው በሽንት ቤታችን ቆርቆሮ ላይ ነው። የኔታ ደግሞ ብርዳቸውን ለማስለቀቅ ዱካ መቀመጫቸውን አንሥተው ፀሐይዋን እየተከተሉ ይሄዳሉ። ስለዚህ በእኔና በእሳቸው መሀል አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነበር፤ እኔ ይህን አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን የሺን «ይህ ልጅ ሆዱን ምን ሆኖ ነው ሽንት ቤት የሚሰነብተው?» ብለው ጠየቋት። የሺ ምን ትበል? «ትንሽ ያመዋል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ አንድ ኩባያ ፌጦ በሎሚ ተበጥብጦ ይጠብቀኝ ጀመር። ፌጦ ለማያውቀው ሰው እሳት በኩባያ ማለት ነው። የኔታ «ጨርሰው፣ እስከ ታች ጨርሰው» እያሉ ከጎኔ ይቆማሉ፤ እኔ እያለቀስኩ እጨርሳለሁ። ወሬው ድብ ባሕር ደረሰና አባቴ በሚኒባስ ሌላ ፌጦ ላከ፣ በትልቅ ፌስታል። ለአንድ ውሸት ስንት እጥፍ እንደሚከፈል ያን ጊዜ አየሁ።

በአምስተኛው ቀን ያችኑ የአይጥ ጥያቄ ከፍቼ ጮክ ብዬ አነበብኩና «ያው ነው፣ ሪፖርቱ ውሸት ነው» ብዬ በእርሳስ አከበብኩ።

ከቆርቆሮው ወዲያ ድምፅ መጣ። «አይጧስ ምን ትብላ?»

«ማነው?» አልኩ። ሽንት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ማነው ማለት ደግ አይደለም፤ ግን ደነገጥኩ።

«አይጧስ ምን ትብላ ነው የምልህ። ጎተራው ተዘጋባት። ምነው፣ ጾም ልትውል ኖሯል? እህሉን ስታጣ ቤት ገባች። ልብስ በላች፣ ጠፍር በላች፣ የቄሱን ቆብ በላች። ጎተራው አላስገባትም፤ ጥፋቱም በዝቷል። አይጣላም።»

ምርጫዎቹን አየሁ። «መ፦ አይጦቹ ከጎተራ ሲከለከሉ ወደ መኖሪያ ቤት ገብተው ሌላ ንብረት አበላሹ።» መጽሐፉን ገልብጬ ከኋላ መልሱን አየሁ። መ ነው። ሁለት ጊዜ የወደቅሁባትን ጥያቄ፣ ፊደል ማየት ያቃታቸው ሽማግሌ ፀሐይ እየሞቁ በአንድ ትንፋሽ ፈቷት። ባልዲዬ ላይ እንደተቀመጥኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሽንት ቤት ውስጥ አፍ መክፈት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን ሽታውን ረስቼዋለሁ።

ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ። «የኔታ፣ እንዴት አወቁት?»

«ምኑ ያስቸግራል? የእኛ ትምህርት ይኸው አይደለም እንዴ?» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በትርጓሜ ቤት አንድ ቦታ የተጻፈው ሌላ ቦታ ከተጻፈው ጋር የሚቃረን ሲመስል ተማሪው ተነሥቶ «ይህ ከዚያ ጋር አይጣላምን?» ብሎ ይጠይቃል። መምህሩ «አይጣላም» ብለው ይጀምሩና ሁለቱን የሚያስታርቀውን ነገር ያመጣሉ። ከሁለቱ አንዱን ውሸት ማለት አይፈቀድም። አርባ ዓመት በየቀኑ ይህን ሲሠሩ ኖረዋል። እኔ በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ብቻ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ያደረግሁት ነገር እዚሁ ጎንደር፣ ዛፍ ሥርና አጥር ሥር ሲፈታ የኖረ ነው። ተወልጄ ባደግሁበት አገር ሳልሰማው ማርጀቴ አሳፈረኝ፤ ደግሞም ደስ አለኝ።

«ለመሆኑ ለምንድን ነው የምታነበው? አንተ አልፈህ የለም?» አሉ።

«ለ... ለተማሪ ነው። አንድ የሚፈተን ልጅ አለ፤ አስጠናዋለሁ።»

«ሸጋ ነው። ይህን ጥያቄ ምን ብሎ መለሰው?»

«ሪፖርቱ ውሸት ነው አለ።»

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህ ተማሪህ ጠበኛ ነው። ደደብ አይመስለኝም፤ ግን ጠበኛ ነው። ሁለት እንግዳ ቤቱ ሲመጣ አንዱን ከደጅ የሚመልስ ዓይነት። ንገረው። ሁለቱንም ያስገባቸው፣ ያስቀምጣቸው፣ ውሃ ይስጣቸው። ከዚያ ‹ከናንተ ሌላ ማን አለ?› ብሎ ይጠይቃቸው። ሁልጊዜም ያልተጠራ ሦስተኛ አለ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሽንት ቤት ወጣሁ። በየጠዋቱ ፀሐይዋ ላይ አብረን እንቀመጣለን፤ እኔ አነባለሁ፣ እሳቸው ይፈታሉ። ፌጦው ግን አልቀረልኝም፤ ሆዴ የተሻለው በፌጦው ነው ተባለ። ድልድይ የተሠራለት መንደር ጥያቄ ነበር። ወንዙን ለመዞር አንድ ሰዓት ይፈጅባቸው የነበሩ ሰዎች ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ገበያ የሚደርሱት ከድሮው ዘግይተው ነው ይላል። «ተማሪህ ምን አለ?» ሲሉኝ «ድልድዩ አልተሠራም አለ» አልኳቸው። ሳቁብኝ፤ ማለቴ ሳቁበት። «መንገዱ ሲያጥርላቸው ተኙ! ‹ቅርብ ነው፣ እንደርሳለን› እያሉ ጠላቸውን ጠጡ። እኔስ ቤቴ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የሆነ ጊዜ አይደለም እንዴ ቅዳሴ ማርፈድ የጀመርኩት?»

ሌላም ነበር። በአንድ ሐኪም ቤት ከሁሉ የምትበልጠው ሐኪም የምታክማቸው ሰዎች ከሌሎቹ ሐኪሞች ሕመምተኞች ይልቅ በብዛት ይሞታሉ ይላል። ተማሪዬ «ሐኪሟ ጎበዝ አይደለችም» ብሎ ነበር። የኔታ ይህኛውን ሲሰሙ አልሳቁም። «የባሰበት ሰው ወደ ማን ይሂድ?» አሉ ቀስ ብለው። «ጎበዝ በመሆኗ ነው የማይድኑትን ሁሉ የሚያመጡላት። አየህ፣ ለዚህች ሴት ተማሪህ በደል ሠርቷል። ቁጥሩን ብቻ አይቶ ፈረደባት።»

ያን ቀን ቢሮዬ ገብቼ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ የመዝገብ መደርደሪያው አስፈራኝ። አሥራ አንድ ዓመት «ውሸታም» ብዬ የጻፍኩባቸው ሰዎች ከዚያ ውስጥ ያዩኝ ጀመር። ከነዚያ መሀል ስንቱ እውነቱን ተናግሮ ሄዷል? በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ራሴን የታዘብኩበት ጊዜ የለም።

ጠረጴዛዬ ላይ ያን ሰሞን አንድ ጉዳይ ነበር። አንድ የግቢ በር የሚጋሩ ሁለት ሴቶች ናቸው። አንደኛዋ «በሩን በላዬ ላይ ዘግታብኝ ትሄዳለች፤ ሁልጊዜ ደጅ እቀራለሁ» ትላለች። ሁለተኛይቱ «ከፍቼው ነው የምወጣው፤ ስዘጋ ያየኝ ካለ ይቅረብ» ትላለች። ወር ሙሉ አመላልሻቸዋለሁ፤ በሁለተኛይቱ ላይ ልፈርድ ውሳኔዬንም በእርሳስ ጀምሬዋለሁ። እርሳሱን አስቀመጥኩና ተነሣሁ። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅሬታ ወዳለበት ቦታ በእግሬ ሄድኩ።

ሁለቱንም ሴቶች ጠርቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ዝም ብዬ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ማንም ሳይነካው ሲጢጥ ብሎ መሄድ ጀመረ። ማጠፊያው ዘሟል። ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ሄደና ቀጭ ብሎ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያውም ከውስጥ በራሱ ወደቀ።

«አላልኩም!» አለች ሁለተኛይቱ።

«እኔስ ዋሸሁ?» አለች አንደኛዋ።

ተያይተው ሳቁ፤ ተቃቀፉም። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር ቢሮዬ ውስጥ ሆኖ አያውቅም። እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው። እነሱ ግን ከተቃቀፉበት ዞር ብለው አንድ ላይ ወደ እኔ አፈጠጡ። «አንተ ግን ይህችን ለማየት ወር ሙሉ ታመላልሰናለህ?» አሉኝ። በማግሥቱ በጋራ የተፈረመ ቅሬታ አቀረቡብኝ። ቅሬታ ሰሚው እኔ ስለሆንኩ ደብዳቤው የደረሰው ለእኔ ነው። ተከሳሹም ዳኛውም እኔ መሆኔን ሳይ «አይጣላም» አልኩና ይቅርታ ጻፍኩላቸው።

የኔታ በቀጠሯቸው ቀን ሞራቸው ተገፈፈ። ጨርቁ ሲነሣላቸው መጀመሪያ እጃቸውን አዩ፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ የሺን አመሰገኑ። ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ። «አባትህን ትመስላለህ» አሉ። ወደ ጓሮ ሲዘልቁ በጉ ቆሞ አገኙት፤ ክሩ እንደታሰረ ነው። በጉን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

ወደ አገራቸው የተመለሱት ከፈተናው ሁለት ቀን ቀደም ብለው ነው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጥላ ሥር ቆመን ሳለ ብትራቸውን ተደግፈው «ለዚያ ተማሪህ አንድ ጥያቄ ልስጠው?» አሉኝ።

«ይስጡት የኔታ።»

«አንድ ገበሬ አለ። ልጁ ፈተና መውደቁን ያውቃል። ያው ገበሬ ከመንጋው ምርጡን በግ መርጦ፣ ቀንዱ ላይ ክር አስሮ፣ የደስታ ብሎ ለልጁ ይልካል። ይህ ከዚያ ጋር ይጣላል ወይስ አይጣላም?»

የመናኸሪያው ጩኸት ሁሉ ጠፋብኝ። «ገበሬው... ምናልባት መውደቁን አላወቀም ይሆናል» አልኩ።

«ያውቃል ብያለሁ። ተማሪህ አሁንም አንዱን እንግዳ ከደጅ ሊመልስ ነው? ልጁ ከትንሽነቱ ጀምሮ ፈተና ሲያልፍ ሰላም ሳይል ነው ‹አለፍኩ!› ብሎ የሚጮኸው። ያን ዕለት ግን ገበሬውን የላሟን ጤና ጠየቀው፤ የጥጃዋንም። ገበሬው ስልኩን እንደዘጋ እኔ ዘንድ መጥቶ ‹ልጄ ወድቋል፤ ደግሞም ፈርቶኛል› አለኝ። በዚያው እግሩ በጉን ሊመርጥ ሄደ።»

አንገቴን ደፋሁ። ሁለቱንም አስገባኋቸው፤ አስቀመጥኳቸው። አባቴ ያውቃል። አባቴ በግ ልኳል። ያልተጠራው ሦስተኛ ማነው? የማውቀው ነገር ነበር።

«በጉ...» አልኩ። «በጉ ለፈተናው አልነበረማ።»

«ለማን ነበር?»

«ለእኔ።»

ለተማሪዬ ማለት ነበረብኝ፤ አመለጠኝ። የኔታ አዲሶቹን ዓይኖቻቸውን ጨፈን አድርገው እፎይ አሉ። «አይጣላም» አሉ።

ጠጋ ብዬ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል በብትራቸው ከለከሉኝ። «ቀጠሮዎ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጡትስ...» አልኳቸው።

«መንገድ አይታመንም ብዬ ነዋ። አባትህም ‹እባክዎ ቀደም ብለው ይሂዱልኝ፣ ልጁ ጭንቀቱን ብቻውን ነው የያዘው› ብሎኛል። ሁለቱም እውነት ነው።» ወጥተው ተቀመጡ። ሚኒባሱ ሲነሣ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ተማሪህን ሰላም በልልኝ፤ ፌጦውንም አይተው!» አሉ። እኔ መናኸሪያው መሀል ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አንድ ረዳት «አያ፣ መኪና አመለጠዎት?» ብሎ አዘነልኝ።

ፈተናው ኮምፒውተር ላይ ነው። የአመክንዮው ክፍል ሲመጣ ዓይኔ እንደ ልማዱ መጥበብ ጀመረ። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ስለ ሁለት መንደሮችና ስለ አንድ የውሃ ጉድጓድ ነበረች። «ከነዚህ አንዱ ዋሽቷል» አለኝ የድሮው ሰውዬ። ቆይ አልኩት። ሁለቱንም አስገባኋቸው፣ ውሃ ሰጠኋቸው፣ ሦስተኛውን ጠየቅኋቸው። መጣ። ሳላስበው ጮክ ብዬ «አይጣላም!» አልኩ። ፈታኙ ከኋላ «ማን ነው የሚጣላው? ዝም ብለህ ሥራ!» አለኝ። አሥሩንም እንዲሁ አደረግሁ። እያንዳንዷ ጥያቄ ስትፈታ በወንበሬ ላይ እንዳለሁ ያንን ሁሉ አርባ ዓመት፣ ያንን ሁሉ «አይጣላም» እያሰብኩ ሰውነቴን ውርር ያደርገኝ ነበር። በዚያች አዳራሽ ውስጥ እንደ እኔ ከብዙ ሰው ጋር ሆኖ የተፈተነ ያለ አይመስለኝም።

ውጤቱ የወጣ ቀን ጠዋት ጓሮ ነበርኩ፣ ለበጉ ሣር እየሰጠሁ። ስልኬን ከፈትኩ። አየሁ። ደግሜ አየሁ። እንዳልተሳሳትኩ የሺም አየችልኝ። ከዚያ ድብ ባሕር ደወልኩ። ገና «ሃሎ» እንኳ ሳይል እኔ መጮህ ጀመርኩ። «አለፍኩ! አባዬ፣ አለፍኩ! አለፍኩ!» ስል በጉ ደንግጦ ገመዱን በጠሰ፣ ጎረቤት በአጥር ላይ ብቅ አለ።

አባቴ ጩኸቴን እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ላሟ ደህና ናት» አለ። «ዛሬ አልጠየቅኸኝም እንጂ።»